ቡላ ራቱን እንዲበላ

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ቡና አስጥተን ሳለ ሰማዩ በሸኮ በኩል ጠቆረ። ሚዛን ላይ ዝናብ ሲመጣ አያስጠነቅቅም፤ ጠቆረ ሲሉት ደርሷል። ልጄ ሩት ከገመዱ ላይ ልብስ ልትሰበስብ ሮጠች። እኔ ሸራውን ይዤ ወደ አልጋው ሄድኩ። አልጋ የምንለው ቡና የምናሰጣበትን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራውን የእንጨት ርብራብ ነው። ከሥሩ የጎረቤታችን ውሻ ተኝቶ ነበር። ሸራውን ዘርግቼ የመጨረሻውን ጫፍ ስስብ ውሻው ብድግ አለ፤ ተንጠራራና በአጥሩ ቀዳዳ ወጥቶ ሄደ።

ዝናብ ፈርቶ ነው የሄደው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም። እኔ ግን የሸራውን ጫፍ እንደያዝኩ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

«እማ! በሰበስሽ እኮ! ምን ሆነሻል?» አለች ሩት ከበረንዳው።

«ምንም።»

«ምንም» የኔ ቃል ነው፤ ልጆቼ ይስቁብኛል። ያን ዕለት ግን ሩት ፎጣ አምጥታ ጭንቅላቴን ስታደርቅልኝ፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ሳላስበው የቡላን ነገር ጀመርኩላት። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

አባቴ ጴጥሮስ የከምባታ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ለቡና ለቀማ ቴፒ መጣ፤ ለአንድ ወቅት ብሎ የመጣ ሰው እዚያው ቀረ። እናቴን ያገኛትም በዚሁ አገር ነው፤ እሷ የሸዋ ቤንች ልጅ ናት። እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ አባቴ የአንድ ቡና ነጋዴ ስጥ ጠባቂ ነበር። በሰፊው ሜዳ ላይ ረጃጅም አልጋዎች ተደርድረዋል፤ ቡናው ቀይ ሆኖ ይሰጣል፣ ሰንበት ሲል ይጠቁራል፣ ሲነኩት መንኮሻኮሽ ሲጀምር ጀንፈል ሆኗል ማለት ነው። አባቴ ያገላብጠዋል፣ ከፍየልና ከሌባ ይጠብቀዋል። ባልደረባው ቡላ ነበር።

ቡላ ውሻችን ነው። ጠጉሩ ከእንሰት እንደሚወጣው ቡላ ነጣ ያለ ስለነበር አባቴ በአገሩ ምግብ ስም ጠራው። እናቴ መጀመሪያ ደስ አላላትም።

«ምግብ እንዴት የውሻ ስም ይሆናል?» አለችው።

«አገሬ ሲናፍቀኝ እጠራዋለሁ። ምግቡ ሲጠሩት አይመጣም፤ እሱ ይመጣል።»

አባቴ ለቡላ ያስተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቡና ተሰጥቶ ካለ ቡላ ከአልጋው ሥር አይነሣም። ሥጋ ብታሳየው አይነሣም፤ ሴት ውሻ ብታልፍም አይነሣም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቴ ሸራውን ከአንዱ ዳር ጀምሮ እየዘረጋ ይሄዳል። ቡላ ተኝቶ በዓይኑ ይከተለዋል። የመጨረሻው ጫፍ ሲሸፈን ይነሣል፣ ሰውነቱን ያራግፋል፣ ወደ ቤት መጥቶ ራቱን ይጠብቃል። ስጥ ከተገለጠ ሥራ ነው፤ ከተሸፈነ ዕረፍት ነው። ከዚህ ሌላ ትእዛዝ አያውቅም ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ታመመ። ሆዱ አበጠ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሚዛን አምጥተን አስተኛነው። ከብዙ ምርመራ በኋላ ሐኪሞቹ እናቴን ለብቻዋ ጠሯት። ስትወጣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ቤት ውሰዱት ብለዋል» አለችኝ።

ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በቤታችን ዝምታ የተጀመረው በእኔ አይደለም።

አባቴ ግን ቤት የሚለውን ሲሰማ የቴፒውን ቤታችንን አላሰበም። «ቤት ከተባለ እናቴ ጋ ነው» አለ። እናቱ ከምባታ ውስጥ በሕይወት ነበረች። ከወጣ ጀምሮ አላያትም። ሰው ሲሄድ ማር ይልክላታል፤ ሰው ሲመጣ ምርቃት ትልክለታለች። ዓይኗ መድከሙን ሰምቶ ነበር። «እኔን ማየት ባትችልም ፊቴን በእጇ ትዳስሰኝ። ከዚያ በኋላ እንደ ጌታ ፈቃድ» አለ። የለመነን ይህን ብቻ ነው። እናቴም ይህን ብቻ ይዛ ወደ ጌታ ጸለየች፤ ይዳን አላለችም፤ ይድረስ አለች።

ለጊዜው ወደ ቴፒ መለስነው። በአውቶቡስ መሄድ አይችልም፤ ቁጭ ማለት እምቢ ብሎታል። እርድ ጭኖ ወደ ሆሳዕና የሚሄድ አይሱዙ ተገኘ። ሾፌሩ ጋሽ ሄራሞ የአባቴ አገር ሰው ነበር። የእርዱን ጆንያዎች አስተካክሎ ደለደለ፣ በላያቸው ፍራሽ አነጠፈ። ለእናቴና ለእኔ ከጎን ቦታ ተወልን። አባቴን ከጎረቤት ወንዶች ጋር ተሸክሞ አወጣው። አባቴ በጀርባው ተዘርግቶ ሰማዩን አየና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ሄራሞ፣ እንደ ጀንፈል አሰጣኸኝ እኮ!»

«ደርቀህ ትደርሳለህ አትፍራ» አለው ጋሽ ሄራሞ።

ቡላን ለጎረቤት ልንተወው ነበር። ጎረቤታችን በገመድ ይዞት ቆሟል። ቡላ ግን አባቴ ከፍ ባለ ነገር ላይ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ አየ። ገመዱን እንዴት እንደበጠሰው አላየሁም። ስፖንዳውን ዘሎ ገባ፤ ከፍራሹ ግርጌ ተጋደመና አገጩን በእጆቹ ላይ አሳረፈ። ሥራ ሲጀምር እንዲህ ነበር የሚያደርገው።

«ውረድ!» አለችው እናቴ።

«ተይው» አለ አባቴ። «ስጥ አይቶ ነው።»

ጋሽ ሄራሞ አንገቱን በጋቢናው መስኮት አወጣ። «ጴጥሮስ፣ ከቴፒ ድረስ ውሻ ጭኜ ብገባ አገሩ ምን ይለኛል?»

«የሚጭነው አጣ ይሉሃል። ንዳው።»

ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ የማውቀው በቡላ በኩል ነው። ይህን ለሩት ስነግራት ሳቀች፤ ግን እውነት ነው። የአባቴን ፊት ማየት አልቻልኩም። የእናቴንም አልቻልኩም። ሜዳው፣ ጫካው፣ ከተማው ዓይኔ ላይ ያልፋል እንጂ አይገባም ነበር። በውስጤ ምንም አልነበረም፤ ኀዘንም አልነበረም። እጄን ብትቆነጥጠው የሌላ ሰው እጅ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ዓይኔን ውሻው ላይ ጣልኩ፤ እሱ ወደሚያየው አየሁ፣ እሱ የሚያሸተውን አሸተትኩ።

ቡላ ከቴፒ ርቆ አያውቅም ነበር። በሸኮ በኩል ስናልፍ ጫካው ከሁለቱም ወገን መንገዱ ላይ ተደፍቶ ነበር። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ጆሮው ይቆማል፤ አካሉ ግን አይንቀሳቀስም። በየመንደሩ የሰፈር ውሾች እየጮኹ መኪናውን ያባርራሉ፣ ይሳደቡታል። እሱ ዝቅ አድርጎ አንዴ ያያቸውና ዞር ይላል። የበሰበሰ ቅጠል ሽታ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ፣ የዝንጅብል ማሳ ሽታ ይመጣል፤ አፍንጫው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከሁሉም በላይ ግን እርዱ ነበር። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነው። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ከጆንያዎቹ ቢጫ አቧራ ይቦንና ውሻው ላይ ያርፋል። ያስነጥሰዋል። ካስነጠሰ በኋላ መጀመሪያ የሚያየው አባቴን ነው፤ ስጡ ቦታው ላይ እንዳለ ያረጋግጣል።

አባቴ ጋቢውን እስከ ደረቱ ብቻ ነበር የሚለብሰው። ከላይ ሸራ እንድናለብሰው አይፈልግም፤ ትንፋሽ ያጥረኛል ይላል። ስለዚህ ተገልጦ ሄደ። ተገልጦ ስለሄደ ቡላ አልተነሣም። ሚዛን ደርሰን ስንቆም እናቴ ቆጮ ቆርሳ ሰጠችው፤ አሸተተውና ፊቱን መለሰ። ውኃ በጣሳ አቀረብኩለት፤ ምላሱን አርጥቦ ተወው።

ሸዋ ቤንች ስንደርስ ቡላ ጭንቅላቱን አነሣ። እናቴ ዞራ ስለነበር ነው። ወደ አባቷ ቤት የሚያስገባው መንገድ በስተቀኝ ነበር፤ ቀይ አፈር፣ በዳርና ዳር ሙዝ። ዓይኗን እስኪሰወር ድረስ አልነቀለችውም።

«እናስቁመው?» አልኳት።

«ሩቅ ነው የምንሄደው» አለች።

የምትሄደው ወደማታውቃት አማት፣ ወደማትሰማው ቋንቋ ነበር። ያኔ ይህን አላሰብኩም። አሁን እናት ሆኜ አስበዋለሁ።

ቦንጋ ስንገባ ቡላ ነጭ ውሻ አልነበረም። ልጆች መኪናውን ከበቡት። «ቢጫ ውሻ! ቢጫ ውሻ!» እያሉ ዘለሉ። አንደኛው «ዶሮ ወጥ ውስጥ ወድቆ ነው!» አለ፣ ሌላው «አልጫ ነው እንጂ!» አለው። አባቴ እንደተኛ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሙዝ ልትሸጥልን የመጣች ሴት ስፖንዳውን ይዛ ተንጠራራችና ያልተነካውን ቆጮ አየች።

«ውሻው አይበላም እንዴ?» አለች።

«እምቢ ብሏል» አልኳት።

ሴትየዋ አባቴን አየች፣ ውሻውን አየች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የቤት ውሻ ምግብ እምቢ ካለማ...»

«በኢየሱስ ስም» አለች እናቴ። «ሙዙን ስጪኝ፤ ሌላውን ይዘሽ ሂጂ።»

ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ግን እናቴ እጇን ቡላ ጭንቅላት ላይ ጭና ዓይኗን ጨፈነች። ጋሽ ሄራሞ ጎማውን ሊያይ ወርዶ ነበርና ቆሞ አያት።

«እትዬ፣ ለውሻም ይጸለያል እንዴ?»

«ፈጣሪያችን አንድ አይደለም?»

ጋሽ ሄራሞ ትንሽ አሰበና ኮፍያውን አወለቀ። «እንግዲያው ለጎማዬም ጨምሪልኝ» አለ። እናቴ ጨመረችለት። ጎማው እስከ መጨረሻው አልፈነዳም፤ ጌታ ይመስገን።

በማግሥቱ ከቦንጋ ወጣ እንዳልን ኬላ ነበር። በዚያ ዘመን ቡና ተደብቆ እንዳያልፍ ጭነት ሁሉ ይፈተሻል። ተቆጣጣሪው ጆንያ የሚወጋበትን ብረት ይዞ መጣ።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?»

«እርድ ነው» አለ አባቴ ከላይ። «በእርዱ ላይ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሰውየው አንድ እግሩን ስፖንዳው ላይ ሲያደርግ ቡላ ተነሣ። ከቴፒ ወዲህ ሲነሣ የመጀመሪያው ነው። አልጮኸም፤ ከንፈሩን ብቻ ሰብስቦ ጥርሱን አሳየው። ሰውየው ብረቱን ከፍ አደረገ። እናቴ «አይ!» አለች። አባቴ እጁን ዘረጋለት።

«ወንድሜ፣ እጄን ያዘኝ። ከእኔ ጋር ከተጨባበጥክ ይተውሃል።»

ሰውየው አመነታ። ቢጫውን እጅ ያዘ። ቡላ አየና ተመልሶ ተጋደመ። ተቆጣጣሪው ከዚያ በኋላ ጆንያ አልወጋም፤ የአባቴን እጅ እንደያዘ ጠየቀው። «ወዴት ነው?»

«እናቴ ጋ።»

«ያድርስህ» አለና ወረደ። እጁ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ በሱሪው ሲጠርገው አየሁ።

ወደ ጎጀብ ቁልቁለቱን ስንጀምር ዝናቡ ያዘን። በሩቅ ወንዙ ሸለቆው ውስጥ ያበራል፤ እኛ ላይ ግን ጨልሟል። ጋሽ ሄራሞ መኪናውን ዳር አስያዘና «ሸፍኑ! ሸፍኑ!» እያለ ጮኸ። እናቴና እኔ ሸራውን ይዘን ከእግሩ ጀምሮ ሳብነው። ጠብታው ትልልቅ ነበር፤ አባቴ ፊቱን ጨምድዶ ነበር። ሳናስበው እስከ ራሱ ድረስ አለበስነው።

ቡላ ተነሣ። ሰውነቱን አራገፈ፤ ቢጫ ውኃ ረጨን። ወደ ስፖንዳው ሄዶ ቆመና ወደኋላ ዞሮ እኔን አየኝ። ጭራው ተንቀሳቀሰ።

ሥራው አልቋል ማለት ነው። ይህን ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም፤ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ገመድ ታስራለች። ሸራው ከታች በትንፋሽ አይነሣም አይወርድም፤ ወይም በዝናቡ ምክንያት ሊታየኝ አልቻለም። ገልጬ ማየት እችል ነበር። አልገለጥኩም። ጫፉን ይዤ ቁጭ አልኩ። ልቤ አልመታም፣ እንባ አልመጣም። አያቴ ሳትዳስሰው ቀረ ብዬ አሰብኩ፤ ሐሳቡ ራሱ እንደ ዝናቡ ከላይ ወረደና ፈሰሰ።

«ምሕረቴ» አለ ሸራው።

የሸራውን ጫፍ ይበልጥ ጨበጥኩ።

«ምሕረቴ! ትንፋሽ አጠረኝ፤ አፌን ግለጪልኝ።»

ገለጥኩለት። ዓይኑን አርገበገበና ቡላ ተነሥቶ መቆሙን አየ። ቡላን አየ፣ እኔን አየ። ምን እንዳሰብኩ ፊቴ ላይ አንብቦት መሆን አለበት። ከዚያ ፈገግ አለ።

«ሸፈናችሁኛ። ይኸው፣ ከሥራ ወጣ። ቶሎ በይ፣ ራቱን ስጪው።»

ቆጮውን አቀረብኩለት። አባቴ ስለተገለጠ ቡላ ትቶት ወደ ቦታው ሊመለስ ሲል አባቴ «ሸፍኚኝ፣ ሸፍኚኝ!» አለ። መልሼ ሸፈንኩት። ቡላ ተመልሶ በላ፤ ያለውን ሁሉ በላ። ከሸራው ሥር ድምፅ መጣ።

«ጨረሰ?»

«አልጨረሰም።»

«ዛሬ ደግሞ አላምጦ ነው የሚበላው! ... አሁንስ?»

«ጨርሷል፣ አባዬ።»

«በይ ግለጪኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ሆነ። ጅማ ስንደርስ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ «ምሕረቴ፣ ሸፍኚኝ፤ ቡላ ራቱን ይብላ» አለ። ወልቂጤም እንዲሁ አለ። ጋቢውን ከእግሩ ጀምሬ፣ በጉልበቱ፣ ባበጠው ሆዱ፣ በደረቱ አሳልፌ ፊቱን እሸፍናለሁ። ቡላ ተነሥቶ ይበላል። አባቴ ከሥር ትንፋሹ እያጠረው «ጨረሰ?» ይላል። እናቴ ይህን ማየት አትወድም ነበር፤ ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን «የምሕረት አባት፣ እባክህ ይኼን ነገር ተወው» አለችው። «ውሻው ይራብ ትያለሽ?» አላት። ለምን እናቴን ሳይሆን እኔን ብቻ እንደሚያዝ አልጠየቅኩም። መጀመሪያ እጄ ይከብደኝ ነበር። ወልቂጤ ላይ ቀለል አለኝ። ሆሳዕናን ስናልፍ እንደ ሌላ ሥራ ሆነ፤ ወጥ እንደማማሰል፣ አልጋ እንደማንጠፍ።

ከምባታ ስንገባ የእንሰቱ ጥላ መንገዱ ላይ ወረደ። ቡላ አፍንጫውን አነሣ፤ ከእርዱ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ አገኘ። ከየቤቱ የሚወጣው የቆጮ ሽታ ነበር፤ ቴፒ ላይ በቤታችን ብቻ የነበረ ሽታ እዚህ አገሩን ሞልቶታል። አባቴም አሸተተ፤ ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ።

አያቴ በር ላይ በርጩማ አስወጥታ ተቀምጣ ነበር። ትንሽ ሴት ናት። ወንዶቹ አባቴን ተሸክመው ከፊቷ ሲያሳርፉት ቡላ ተከትሎ ከአጠገቡ ተጋደመ። አያቴ እጇን ዘረጋች። ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን ዳሰሰች። ተመልሳ ዳሰሰች። ከዚያ በቋንቋዋ አንድ ነገር አለችው። አባቴ ሳቀ፣ አለቀሰም። እናቴና እኔ አልሰማንም፤ ጋሽ ሄራሞ ተረጎመልን።

«‹ከሳህ፤ ለመሆኑ ምን ያበሉሃል?› ነው ያለችው።»

ያን ሁሉ ዘመን ቆይታ ያለችው ይህን ነው። ቀጥላ እጇ ውሻውን አገኘ፤ እሱንም ዳሰሰችው። መዳፏ ቢጫ ሆነ። አላየችውም።

እናቴ መሬት ላይ ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ አመሰግንሃለሁ» አለች። የለመነችው ተፈጽሞ ነበር። ከዚያ በላይ አልለመነችም።

አባቴ ጥቂት ቀናት ተሰጡት። ፍራሹን በረንዳ ላይ አነጠፍንለት፤ አያቴ ከራስጌው፣ ቡላ ከግርጌው። በየማታው ሸፈንኩት። አያቴ የመጀመሪያ ቀን ጋቢው ፊቱ ላይ መሆኑን በእጇ አውቃ ጮኸች። አባቴ ከሥር አስረዳት። እሷም ከዚያ በኋላ በቋንቋዋ ቡላን መቆጣት ጀመረች፤ ቶሎ ብላ፣ ልጄን አታፍንብኝ ማለቷ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሳለ፣ አባቴ የአያቴ እጅ ጉንጩ ላይ እንዳለ አረፈ። ያወቀችው እሷ ናት፤ እጇን ሳታነሣ ራሷን ነቀነቀች። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ጋቢውን ሊስብ ጎንበስ ሲሉ «እኔ ልሸፍነው» አልኩ። ሁሉም አዩኝ። እናቴ «ተዉላት» አለች።

ከእግሩ ጀመርኩ። በጉልበቱ፣ በሆዱ፣ በደረቱ። እጄ ያውቀዋል። አልተንቀጠቀጠም። የመጨረሻውን ጫፍ በፊቱ ላይ አሳለፍኩ።

ቡላ ተነሣ። ሰውነቱን አራገፈ፤ ከጠጉሩ አሁንም ትንሽ ቢጫ ቦነነ። በለቀስተኛው መካከል አልፎ ጓሮ ወደ ምግብ ሳህኑ ሄደና ቆመ።

«ከንቱ ውሻ!» አለ አንድ ሰው። «ጌታው ሳይቀበር ምግብ አማረው!» በትር አነሣ።

ሄጄ በመካከላቸው ቆምኩ። ቆጮ አምጥቼ ሰጠሁት። ቡላ በላ። ከኋላዬ ልቅሶው ተነሥቷል፤ ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ። እኔ ግን ጆሮዬን ወደ በረንዳው ጥዬ ቆሜ ነበር። ጨረሰ? የሚል ድምፅ እየጠበቅኩ ነበር። ሞቶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ጠበቅኩ። ቡላ ሳህኑን ልሶ ቀና አለ።

«ጨርሷል፣ አባዬ» አልኩ በቀስታ።

አላለቀስኩም። የአባቴ ዘመዶች ይህች ልጅ ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት ብለዋል፤ አልፈረድኩባቸውም። እናቴ ስንቀብር እጄን ያዘችኝ፤ እስክንመለስ አልለቀቀችውም።

ከቀብሩ በኋላ በአንዱ ጠዋት አያቴ ግቢ ውስጥ ገብስ በሰሌን ላይ አሰጣች። ቡላ ከጥላው ተነሥቶ ሄደ፤ ከሰሌኑ ዳር ተጋደመና አገጩን በእጆቹ ላይ አሳረፈ። ዶሮ ስትጠጋ ቀና ይላል። አያቴ ዶሮዎቹ ዝም ማለታቸው ገርሟት እጇን ዘርግታ አገኘችው። ወደ እናቴ ዞራ በምታውቃት ጥቂት አማርኛ «ይኼ፣ እዚህ» አለች። እናቴ እሺ አለች። ያለ እሱ ወደ ቴፒ ተመለስን። ስንሄድ አልተከተለንም፤ ገብሱ ገና አልተሸፈነም ነበር።

ዝናቡ ሲቀንስ ሩት ፎጣውን ጭኗ ላይ አጥፋ ይዛ ነበር።

«እማ፣ ከዚያ በኋላስ አለቀስሽ?»

«አላስታውስም።»

«አባትሽ ግን የሚሸፈነው ለውሻው ብሎ ነው?»

ይህን ለብዙ ዘመን አስቤዋለሁ። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው በየማታው ፊቱን አስሸፍኖ ይታገሳል። ውሻ አንድ ምሽት ቢጾም አይሞትም፤ ይህን አባቴ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ጎጀብ ላይ ሸራው ሲገለጥ ያየው ፊት የእኔ ነበር፤ ጫፉን ይዤ መግለጥ ያቃተኝ ልጅ። ከዚያ ወዲህ በየማታው እናቴን ሳይሆን እኔን አዘዘ፤ ቀኑ ሳይደርስ እጄን አስለመደው። እንግዲህ የመጨረሻው ቀን ሲመጣ አባቴን የሸፈነው እንግዳ እጅ አልሆነም። ለዚህ ጌታን አመሰግናለሁ። ለጋሽ ሄራሞ፣ ለአያቴ እጅ፣ ለቢጫው ውሻም አመሰግናለሁ። ለሩት ግን ይህን ሁሉ አላልኳትም።

«ለውሻውም ነው» አልኳት።

ፀሐይ ወጣች። ሸራው ላይ ውኃ አቁሯል። ሩት በአንዱ ዳር፣ እኔ በሌላው ቆምን።

«ያዢልኝ» አልኳት። «እንግለጠው።»

ውኃውን አፍስሰን ሸራውን ሳብነው። ቡናው ሞቅ ብሎ ሸተተን። የጎረቤታችን ውሻ በአጥሩ ቀዳዳ ተመልሶ መጣና ከአልጋው ሥር ተኛ። ገብቼ የምሳ ትራፊ አመጣሁለት።